ሚያድ

በእስራኤሏ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዛይን በሚባለው ሠፈር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለችው የሱቅ መደዳ፣ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረች። መዝገብ ላይ ስሟ «አትክልት ጥልፍ» ይባላል፤ የሠፈሩ ሰው ግን በዚህ ስም አያውቃትም። ሩሲያዊቷ አሮጊትም፣ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ወታደርም «ሚያድ» ነበር የሚላት። ሚያድ በዕብራይስጥ «ወዲያው» ማለት ነው። ስሙ የወጣላት ሥራ ስለምታፈጥን እንዳይመስላችሁ። በሯ ላይ «ሖዜሬት ሚያድ»፣ «ወዲያው እመለሳለሁ» የምትል ወረቀት ትንጠለጠል ነበር፤ ከባለቤቷ ይልቅ ወረቀቷ ሱቁን ስትጠብቅ የምትውልበት ቀን ይበዛል። እንዲህ ያለ ወዲያው ደግሞ አይታችሁ አታውቁም። አንዳንዴ እስከ ማታ፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ፣ ኔታኒያ ድረስ የተሄደ እንደሆነማ እስከ ሦስተኛው ቀን የሚዘልቅ ወዲያው ነበር። ጎረቤቷ ረኡቬን፣ ጫማ የሚጠግንና ቁልፍ የሚቀርጽ ሽማግሌ፣ ሰው በጠየቀው ቁጥር «ሽርሽር የምትወድ ሴት ናት» እያለ ይመልስ ነበር።

አትክልት የት ትሄድ ነበር? ለቅሶ ነዋ። ረሖቮት ሰው ሞተ ሲሏት፣ ቂርያት ጋት የእገሌ አማት አረፉ ሲሏት፣ መርፌዋን ከነክሩ ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ ነጠላዋን ብድግ አድርጋ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ናት። ሟቹን ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የሟቹን የአክስት ልጅ ካወቀች ይበቃል፤ እሱንም ባታውቀው እዚያ ስትደርስ ታውቀዋለች።

ይህ ከሜዳ የመጣ አመል አልነበረም። ከጎንደር በመጡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ገና ለአዲስ መጤ በሚሰጠው ማረፊያ ሳሉ፣ ባሏ አንድ ጠዋት ምንም ሳይል ወድቆ ቀረ። አትክልት በዚያን ጊዜ በአገሩ ቋንቋ ውሃ ስጡኝ ማለት እንኳ አልተማረችም። ሕፃን ልጅ ታቅፋ፣ ከማን ጋር ነው የማለቅሰው ብላ ስትቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶች መጡ። ስማቸውን የማታውቃቸው ሴቶች ዳቦ ተሸክመው ገቡ። ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ባሏ ደረታቸውን ደቁ፤ ሰባቱን ቀን እየተፈራረቁ ብቻዋን አላሳደሯትም። ያን ጊዜ ነው አትክልት በልቧ የማለችው። ለቅሶ ብድር ነው፣ እኔም እከፍላለሁ አለች። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ መክፈል ሆነ።

ያቺ ሕፃን አድጋ ኤሊኖር ናት። ስሙን ያወጣችላት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ ስትሆን፣ እናቷ አጥርታ ለመጥራት ዓመት ፈጅቶባታል። ኤሊኖር ከጦር ሠራዊት ስትወጣ ለተሰናባች ወታደር የሚሰጠውን ገንዘብ አወጣች፤ እናቷ አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ ሠፈር መጋዘኖች ውስጥ ወለል ስታጥብ ኖራ ስትሰናበት ያገኘችውን ካሳ ጨመረችበት፤ ሱቋም ተከፈተች። እናት ትጠልፋለች፣ ልጅ ደንበኛ ታነጋግራለች። አትክልት መርፌ ስትይዝ እጇ አይታይም። ሥራዋን ያየ ሁሉ በእጅ የተጠለፈ መሆኑን ለማረጋገጥ ጨርቁን ገልብጦ ያይ ነበር።

በሩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት የጻፈቻትም ኤሊኖር ናት። እናቷ ያዘዘቻት «ለቅሶ ሄዳለች ብለሽ ጻፊ» ብላ ነበር። ኤሊኖር ግን አፈረች። በየሳምንቱ ለቅሶ፣ በየሳምንቱ ሞት፤ ፈረንጆቹ ምን ይሉናል አለች። «ወዲያው እመለሳለሁ» ብላ ጻፈችና ለጠፈችው። አትክልት የዕብራይስጥ ፊደል አትለይም። እናም በበሯ ላይ ለቅሶ ተብሎ እንደተጻፈ፣ አላፊ አግዳሚውም ሁሉ ነገሩን እንደሚያውቅላት አምና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከወረቀቷ ሥር ቆልፋ ሄደች።

ሱቅ ደግሞ እንደ ጡት ልጅ ነው፤ ጥለውት በሄዱ ቁጥር ይመነምናል። ሩሲያዊቷ ቀረች፤ ወታደሩ ሱሪውን ሌላ ቦታ አሳጠረ። ኤሊኖር ለትንንሽ ነጋዴዎች የሚሰጥ ኮርስ ገባች። አስተማሪው ትንንሽ ንግዶች ለምን እንደሚወድቁ ሰሌዳው ላይ ይደረድር ጀመር፤ ቦታ፣ ካፒታል፣ ማስታወቂያ፣ እያለ። ኤሊኖር እጇን አውጥታ ለቅሶስ ልትል ነበር፤ በዕብራይስጥ እንዴት እንደሚባል ግን ቸገራት። ሺቫ እንዳትል፣ ሺቫ ሰው ለገዛ ዘመዱ ሰባት ቀን የሚቀመጠው ሐዘን ነው። ለማያውቁት ሰው አማት ሱቅ ዘግቶ አውቶቡስ የመሳፈር ነገር በዚያ ቋንቋ ስም የለውም። እጇን መልሳ አወረደች።

በፈረንጆች 2016፣ በሙቀቱ ወራት፣ የሱቁ ባለቤት መናሔም መጣና፣ ክፉ ሰው ሳይሆን፣ ቁርጡን ተናገረ። ኪራዩ እየተንጠባጠበ ነው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተስተካከለ ቦታውን ጥፍር ለሚያሳምሩ ልጆች ይሰጣል። በዚያው ሰሞን ግን የሮቫ ዩድ ሠፈሯ ልጅ ኢንባል ልታገባ ሆነና፣ እናቷ ከነሽማግሌዎቿ ሱቅ ድረስ መጣች። ከሁለቱም ወገን ያሉ እናቶች፣ እህቶችና አክስቶች ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥልፍ ይልበሱ ተባለ። ሠርጉ በኅዳር ከሚውለው የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል በኋላ ነው። ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ያለ ሐበሻ የሚጠራበት ሠርግ ነው፤ ያ ሁሉ ሴት ለብሶ ሲገባ ደግሞ የማን እጅ ነው ሳይባል አይቀርም። ይህ ሥራ በጊዜው ከደረሰ ሱቁ ይተርፋል፤ ካልደረሰ አበቃ። ኤሊኖር የዚያን ዕለት ማታ እናቷን ፊት ለፊት አስቀመጠቻት።

«ኢማ፣ እስከ ኢንባል ሐቱና፣ እስከ ሠርጓ ድረስ ሱቁን አትዝጊ» አለቻት። «የፈለገው ሰው ይሙት።»

አትክልት ነጠላዋን አፍተለተለች። ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ብላ ቆጣ አለች፤ ቀጥላ የመናሔምን ቃል አሰበች፤ ቀጥላ ደግሞ ልጇ ስንት ወር በወታደር ልብስ ለፍታ ያገኘችውን አሰበች።

«የገዛ ሥጋዬ ካልሆነ በቀር» አለች በመጨረሻ።

«እሺ፣ የገዛ ሥጋሽ ካልሆነ በቀር።»

የአትክልት የገዛ ሥጋ አንዲት ናት። ታላቅ እህቷ ስሜነሽ። እናታቸው ስትሞት አትክልትን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ነች። ጎንደር ከተማ በኪራይ ጎጆ ሆና፣ ወደ እስራኤል ትገቢያለሽ የሚባልበትን ቀን ስትጠብቅ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። በየዓመቱ ዘንድሮ ነው ይሏታል፤ በየዓመቱም አትክልት አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ የምትለብሰውን ልብስ ትሰፋላታለች። የዘንድሮው ግን ሌላ ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ ድሮ እናታቸው ትለብሰው በነበረው አምሳል ነው፤ አትክልት ከትዝታዋ እየቀዳች፣ ከሠርጉ ሥራ መሐል በምታገኛት ትርፍ ጊዜ ትሠራዋለች። ሥራዋን ስትይዝ ታንጎራጉራለች። ሱቅ ሳትዘጋ ከረመች፤ ሩሲያዊቷም ሳትቀር አንድ ቀን ብቅ አለች።

የመጸው በዓላት ባለፉ በሳምንቱ፣ ኤሊኖር ክር ልትገዛ ወጥታ ሳለ ስልኳ ጮኸ። የስሜነሽ ልጅ ሽባባው ነበር። ያኔ ጎንደር ተረብሾ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ መስመር ለማግኘት ስንት እንደተንከራተተ ድምፁ ያስታውቃል። እናቱ ሁለት ቀን ታማ አርፋለች፤ ተቀብራለች። ለአትክልት ያልደወለው መርዶ ለባለቤቱ በስልክ ስለማይነገር ነው። ሽማግሌ ሰብስቢና በወጉ ትረዳ አላትና መስመሩ ተቆረጠ።

ኤሊኖር ክሩን እንደያዘች መንገዱ ዳር ቆመች። አክስቷን በስልክ ድምፅ ብቻ ነው የምታውቃት።  መጀመሪያ የመጣላት እናቷ ናት፤ ቀጥሎ፣ እውነቱን እንናገር፣ የመጣላት ሱቁ ነው። ሰባት ቀን ሐዘን ማለት ሰባት ቀን ስፌት የለም ማለት ነው። ከሰባቱም በኋላ አትክልት ወዲያው መርፌ የምትይዝ ሴት አይደለችም። ሠርጉ ያመልጣል።

እናቷ ጋ አልተመለሰችም። አባ ወንዳለ ቤት ሄደች። አባ ወንዳለ ከነአትክልት ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጡ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ አስታርቁን እያለ ደጃቸው የሚሄድ ሽማግሌ ናቸው። አልቅሰው ሲያበቁ፣ ነገ ጎህ ሳይቀድ ሰው ይዤ እመጣለሁ አሏት።

«አባ፣ መርዶ ይቆያል አይደል?» አለቻቸው። «ሰው ሥራ ላይ ከሆነ አይነገርም ሲባል ሰምቻለሁ። እስከ ሠርጉ ያቆዩልኝ። ሱቁን ልታጣው ነው።»

አባ ወንዳለ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። ይቆያል፣ ለምን አይቆይም። በአገራቸው አዝመራ መሐል የመጣ መርዶ እህሉ እስኪሰበሰብ ተይዟል፤ ነፍሰ ጡር እስክትገላገል ሦስት ወር ተደብቋል። የዘገየ መርዶ ሐዘኑን አይቀንሰውም፤ በተነገረ ቀን ሟቹ ያን ዕለት እንደሞተ ይለቀሳል። ሱቁም አዝመራዋ ነው አሉ ለራሳቸው። ልጅቷን አይተው አዘኑላትና እሺ አሉ። ለሚያውቁት ሁሉ ቃል ተላለፈ። ሰውም እንደ ወጉ አፉን ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ኤሊኖር እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ናት የምታውቀው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የእሷ ሆድ ቀን ከሌት ያውቅ ነበር። አርብ ሲደርስ አትክልት ወደ ጎንደር ትደውላለች፤ ስልኩ አይነሳም። ያንን ረብሻ ረግማ፣ ኔትወርኩን ረግማ ትተወዋለች። ኤሊኖርም አዎ ኢማ፣ ኔትወርኩ ነው ትላለች። ልብስ ሊለኩ የሚመጡት የኢንባል አክስቶች ነገሩን ያውቃሉ፤ አትክልት እህቴ ዘንድሮ ትገባለች እያለች ስታወራላቸው ዓይናቸውን ወደ መስተዋቱ ይመልሳሉ። አንዷማ እንባዋ ቢያስቸግራት ሽንኩርት ስትከትፍ እንደዋለች ተናገረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የስግድ ሰሞን፣ አትክልት ያንን የአውሮፕላን ማረፊያ ልብስ አንስታ ልጇን ጠራቻት። ትከሻሽ የስሜነሽን ነው፣ ነይ ልለካብሽ አለቻት። ኤሊኖር እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች። ሱቁ መሐል ቆማ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ የሙት ልብስ ለበሰች። አትክልት መርፌ በከንፈሯ ይዛ ዙሪያዋን ትዞራለች፤ እዚህ ጋ ጠበብ፣ እዚህ ጋ ረዘም ታደርጋለች። ስሜነሽ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስትወርድ እንዳይጠልፋት ብላ ግርጌውን ሁለት ጣት አሳጠረችው። ትንሽ ራቅ ብላ አየቻትና ፊቷ በራ። 

የኢንባል ሠርግ የተባለውን ያህል ሆነ። ሴቶቹ ተሰልፈው ሲገቡ እልልታው ቀለጠ። የማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ በየጠረጴዛው ዞረ። ጋብቻ ያሰቡ ሁሉ ከሐይፋም ከቤኤር ሼቫም ኤሊኖርን እየጎተቱ ስልኳን ተቀበሏት። አትክልት በዚያች ሌሊት በእስክስታ ትከሻዋ እስኪላቀቅ ጨፈረች። ኤሊኖር እናቷ እንዲህ ስትስቅ አይታ አታውቅም ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጡት አባ ወንዳለ ግን ቀና ብለው አላዩም።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አትክልት ከፈተች። አባ ወንዳለ ከፊት፣ ከኋላቸው ደግሞ ሴቶች ደረጃውን ሞልተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ይህን ያየ ሰው ንግግር አያስፈልገውም። ስንት ዓመት ሙሉ በሰው ደረጃ ላይ እንዲህ ከሚቆሙት አንዷ እሷ ነበረች።

«ማን?» አለች።

ስሜነሽ ናት አሏት። ጮኸች፤ ሴቶቹም አብረዋት ጮኹ፤ የሕንፃው በሮች ሁሉ ተከፈቱ። ትንሽ ቆይታ ግን መቼ ብላ ጠየቀች።  ደግማ ጠየቀች። ከመጸው በዓላት በኋላ ነው አሉ አባ ወንዳለ፣ እግራቸውን እያዩ። አትክልት ዞር ብላ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችውን ልጇን አየቻት።

«ልብሱን ስለካብሽ ታውቂ ነበር?»

ኤሊኖር በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች።

ረፋዱ ላይ የምኩራባቸው ረቢ ሊያጽናና መጣ። ወጣት ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፤ አጎንብሶ ገባ። እህቷ የሞተችበትን ቀን ጠየቀና በጣቱ ቆጠረ፤ ደግሞም ቆጠረ። ፊቱ ተለወጠ። ነገሩን ለመናገር እንደከበደው ያስታውቅ ነበር። ሞቱን በሠላሳ ቀን ውስጥ የሰማ ሰው ሰባት ቀን ይቀመጣል፤ እንደ እሷ ሠላሳው ካለፈ በኋላ የሰማ ግን የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ነው፤ ሕጉ ይህ ነው አለ። ሻዓ አሐት፣ አንድ ሰዓት።

አባ ወንዳለ አልገባቸውም። ኤሊኖር በአማርኛ ስትደግምላቸው ብድግ አሉ። «በእኛ አገር እኮ ሰባቱ ሰባት ነው» አሉ። «በእኛ አገር እኮ መርዶ ቢቆይም ሰባቱ ሰባት ነው።» የሚያስረዱት ረቢውን ይሁን ራሳቸውን አይታወቅም። ተመልሰው ተቀመጡ። ሽማግሌው መርዶ የሚቆይበትን አገር እንጂ ሐዘን የሚያልቅበትን አገር አያውቁም ነበር። ኤሊኖርም አታውቅም።

ረቢው ልቧ ከፈለገ ከሰዓቱ በኋላ ሰው ቢጠይቃት ክፋት የለውም ሊል ሞከረ። አትክልት ግን ሕጉን አጥብቃ የያዘች ሴት ናት። ወደ አያቶቿ የአይሁድ ሃይማኖት ስትመለስ ዓመት ሙሉ በቃል ተምራ፣ ተፈትና፣ እንደ ሥርዓቱ ውሃ ውስጥ ገብታ ነው፤ ስንቱ ሰው የእናንተስ አይሁድነት ያጠራጥራል ሲላት ኖሯል። ሕጉ ከሆነ ሕጉ ነው አለች። ጫማዋን አወለቀችና መሬት ተቀመጠች። ለሌላው ሰባት ቀን ስትለፋ የኖረች ሴት፣ ላሳደገቻት እህቷ አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ሰው ተራርቆ የኖረውን ወንድም እህቱን ለማልቀስ እንኳ መጀመሪያ ማስታወስ አለበት፤ ጊዜ ይፈልጋል። አትክልት ገና ስሜነሽ አዝላት ወንዝ የተሻገረችበትን ቀን ልታነሳ አፏን ስትከፍት ሰዓቱ ሞላ። ረቢው እጇን ይዞ አስነሳት።

አውቶቡሶቹ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ከኔታኒያ፣ ከረሖቮት፣ ከቂርያት ጋት፤ አትክልት ያለቀሰችላቸው ሁሉ፣ የእገሌ አማት ልጆች ሁሉ፣ ዳቦ ተሸክመው መጡ። ሲደርሱ ባለሐዘኗ ጫማዋን ተጫምታ ቆማለች። ለቅሷቸውን በአፋቸው እንደያዙ ደረጃው ላይ ተኮለኮሉ። ግማሾቹ ተመልሰው ሄዱ፤ ግማሾቹ ገብተው ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ተቀመጡ። አትክልት ለስላሳ ቀዳችላቸው። ለእንግዳ እንደሚቀዳ አድርጋ ቀዳችላቸው።

በማግስቱ ሰዓቱ አልቋል ብላ ሱቅ ገባች። ሕይወት እንደገና እንዲህ ይጀመር ይሆናል ብላ ኤሊኖር ተስፋ አደረገች። ስልኳ ከሠርጉ ወዲህ አላረፈም፤ ሐይፋ ያለችው ሙሽራ ብቻዋን ለወራት የሚበቃ ሥራ ይዛለች። መናሔምም ወሬውን ሰምቶ ኮንትራቱን አድሳለሁ ብሏል። አትክልት የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ጨርቅ ዘረጋች። እግሯን መርገጫው ላይ አኖረች። እግሯ ግን አልረገጠም። ከፊቷ ያ ልብስ፣ ግርጌው ሁለት ጣት ያጠረው፣ ማንጠልጠያው ላይ ነበር።

«ኤሊኖርዬ» አለች፣ ልጄ ሌላስ ምን ደብቃኝ ይሆን ብላ። «ያቺ በሩ ላይ ያለችው ወረቀት ምንድን ነው የምትለው?»

ኤሊኖር መዋሸት ትችል ነበር። እውነቱን ግን ተናገረች። ወዲያው እመለሳለሁ ነው የሚለው አለች። ለቅሶ የሚል ቃል የለበትም፤ ኖሮበትም አያውቅም። አፍሬ ነው አለች።

አትክልት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«እኔ ሱቅ እየዘጋሁ የሄድኩት» አለች ቀስ ብላ፣ «ስሜነሽ አንድ ቀን ብትሞት ብቻዬን እንዳላለቅስ ብዬ ነው። ሌላ ያጠራቀምኩት ነገር የለኝም ነበር። ብድሬን በአንድ ሰዓት መለሳችሁልኝ።»

ተነሥታ ያንን ልብስ ከማንጠልጠያው አውርዳ አጠፈችው። ልጇ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ባንቺ ልክ ነው የተሰፋው አለቻት። ነጠላዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ፣ ወረቀቷን ቅደጂና ሌላ ጻፊ አለች። እውነቱን ጻፊ፤ ለቅሶ ላይ ናት በይ።

«መቼ ትመለሳለች ልበል?»

«እመለሳለሁ የሚለውን አትጻፊ» አለችና ወጣች። አሁንም ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የምትሄድ ነበር የሚመስለው። የሄደችው ግን ቤቷ ነው።

ኤሊኖር «በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው» ብላ ጻፈችና ለጠፈችው። ረኡቬን የመቅረጫ መኪናውን አጥፍቶ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ወጣና አነበበው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለ። ማን እንደሞተ፣ እናቷ እንዴት እንደሆነች ጠየቀ። ከዚያ ሱቁ በተዘጋባቸው በእነዚያ ቀናት ሁሉ የት ትሄድ እንደነበር፣ ሽርሽር ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ኤሊኖር ነገረችው። ለቅሶ ነበር አለችው፤ ሁልጊዜም ለቅሶ ነበር። ሽማግሌው የሱቁን በር ክፈፍ ይዞ ቆመ። የሞሮኮ ልጅ ነው፤ ለቅሶን ያውቃል።

«ለምን ሳትነግሩኝ?» አላት። «ቁልፍ ቀራጭ እኮ ነኝ። ቁልፏን ለእኔ ትታልኝ ብትሄድ፣ ሱሪ የሚያመጣውን ተቀብዬ፣ የተሰፋውን እሰጥ ነበር። ለቅሶ ሄዳለች ብላችሁ ብትጽፉ ማን ይቀየማል? እኔ ሽርሽር ትወዳለች እያልኩ ነው ሰው ስመልስባት የኖርኩት።»

 የታጠፈው ልብስ አሁንም በኤሊኖር ክንድ ላይ ነው። ረኡቬን ክፉ ሳያስብ፣ በለመደው አፉ፣ ታዲያ መቼ ትመለሳለች፣ ሚያድ ነው ወይ አላት። ያን ጊዜ ነው የፈነዳችው። የአክስቷን ሞት ከሰማች ጀምሮ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም ነበር፤ እናቷ እንዳታይባት እየዋጠችው ከርማለች። ሽማግሌው የሚያደርገው ጠፍቶት የጫማ ማደሻ በርጩማውን አምጥቶ አስቀመጣት። ራሱም ሳጥን ገልብጦ አጠገቧ ተቀመጠ። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሰው ነበር፤ በእጁ ምልክት ሰጥቶ መለሰው።  እሷ ልብሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እሱም አብሯት ተቀመጠ። ሰዓት ያየ ግን አልነበረም።